ሦስት ዴሲቤል ቀንሰን አንድ ኦክታቭ ስንወርድ

አንድ ጥንድ ላ ስካላ፣ ክሊፕሽ የሚሠራው ባለ ሆርን (ድምፁን በመለከት መሰል አፍ የሚያወጣ) ስፒከር፣ እጄ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ነው፤ በውስጡ ኤኤ የሚባለው የክሊፕሽ ክሮስኦቨር፣ ድምፁን ለባስ፣ ለመሐልና ለላይ ከፍሎ የሚያድለው ማጣሪያ፣ ከነዘይት ካፓሲተሮቹ እንዳለ ተቀምጧል። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተነካው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ባለቤቱ የመሐለኛው ሆርን ስለጮኸበት፣ ከአውቶትራንስፎርመሩ (ቮልቴጅ ከሚቀንሰው ጥምጥም) ወደ ድራይቨሩ (ሆርኑን ወደሚያጫውተው ክፍል) የሚሄደውን ሽቦ ከታፕ 4 ነቅሎ ታፕ 3 በሚባለው ሌላ የጥምጥሙ መውጫ ላይ አስሮታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ነው።

ጩኸቱ በረድ ማለት ሲገባው ሌላ ጣጣ መጣ። የወንድ ድምፅ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። የፒያኖ ግራ እጅ ላይ አንዱ ኖታ ሲያብጥ ጎረቤቱ ይሰምጣል። ድምፁ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ከሆርኑ ጉሮሮ አካባቢ ቀድሞ ያልነበረ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ይህ የመጨረሻው ነው አላስተኛ ያለኝ። የሚደርሰው ኃይል የተቀነሰለት ድራይቨር እንዴት ከበፊቱ ይበልጥ ይጨነቃል?

በእንዲህ ያለ ጊዜ ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር ይታወቃል፤ ካፓሲተሩ አርጅቷል ይቀየር፣ ዲያፍራሙ (በድራይቨሩ ውስጥ የሚርገበገበው ስስ ሽፋን) ደክሟል ይቀየር። ሁለቱም እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እዚህ ግን ካፓሲተሩ ሲለካ ከ13 ማይክሮፋራድ ብዙም አልራቀም፤ ድራይቨሩም በመልቲሜትር ለ16 ኦም ድራይቨር የሚጠበቀውን 10 ኦም ገደማ ያሳያል። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ጣጣው የተፈጠረው በሁለቱ መካከል ነው።

## ካፓሲተሩ የሚያየው ጭነት

የኤኤ አሠራር ቀላል ነው። ዉፈሩን፣ የባሱን ድራይቨር፣ 2.5 ሚሊሄንሪ ኮይል ይቀድመዋል። ትዊተሩ፣ የቀጭኑ ድምፅ ድራይቨር፣ ሁለት ባለ 2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችና በመካከላቸው ወደ መሬት የተሰቀለ 245 ማይክሮሄንሪ ኮይል አሉት። መሐለኛው ድራይቨር ኬ-55 አንድ 13 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ቲ2ኤ የሚባለው አውቶትራንስፎርመር ብቻ ነው ያለው። ከላይ የሚገድበው ማጣሪያ የለም፤ ከ6 ኪሎኸርዝ አካባቢ በላይ ድራይቨሩና ሆርኑ ራሳቸው ይደክማሉ፣ ንድፉም ይህንን ድካም ተመክቶበታል።

ብዙ ሰው አውቶትራንስፎርመሩን እንደ ድምፅ መቀነሻ ብቻ ያየዋል። መቀነሱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቮልቴጅ ሲቀንስ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካውን የጭነቱን ተቃውሞ) ያበዛል፣ ያውም በቮልቴጁ ምጣኔ ስኩዌር። 3 ዴሲቤል መቀነስ ኃይልን በግማሽ መቀነስ ነው። ትራንስፎርመሩ ደግሞ እንደ ሬዚስተር ትርፉን በሙቀት አያባክንም። ስለዚህ ከመግቢያው የሚሳበው ኃይል ራሱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ግማሽ ኃይል የሚስብ ጭነት ደግሞ ኦሙ እጥፍ የሆነ ጭነት ነው። በታፕ 5 ላይ 16 ኦም የሆነው ድራይቨር በታፕ 4 ላይ 32፣ በታፕ 3 ላይ 64፣ በታፕ 2 ላይ 128 ኦም ሆኖ ይታያል።

ካፓሲተሩ የተቀመጠው ከትራንስፎርመሩ በፊት ነው። የሚያየው ድራይቨሩን ሳይሆን ይህንን የተባዛ ጭነት ነው። የአንድ ካፓሲተር መቁረጫ ነጥብ፣ ከሱ በታች ያለው ድምፅ እየቀነሰ የሚሄድበት ኸርዝ፣ የሚገኘው 159,155ን ለኦምና ለማይክሮፋራድ ብዜት በማካፈል ነው። በታፕ 4፣ 32 ሲባዛ በ13 416 ነው፤ ውጤቱ 383 ኸርዝ ይሆናል። ለስፒከሩ የተሰጠው 400 ኸርዝ ከዚህ ይመጣል። በታፕ 3፣ 64 ሲባዛ በ13 832 ነው፤ ውጤቱ 191 ኸርዝ ይሆናል።

ባለቤቱ 3 ዴሲቤል ሲቀንስ ሳያስበው ክሮስኦቨሩን አንድ ሙሉ ኦክታቭ፣ ማለትም ኸርዙን በግማሽ፣ ወደ ታች አውርዶታል ማለት ነው። ዉፈሩ ግን አልወረደም፤ ኮይሉ አሁንም እስከ 400 ኸርዝ አካባቢ ያስኬደዋል። በ200 እና በ400 መካከል ሁለቱም አንድ ዓይነት ኖታ ይጫወታሉ፣ ከጆሮ ያላቸው ርቀት ደግሞ አይገጥምም። የባሱ ሆርን የታጠፈ ስለሆነ መንገዱ ይረዝማል። በአንዳንዱ ኖታ ይደጋገፋሉ፣ በአንዳንዱ ይጠፋፋሉ። የእንስራው ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው።

መንቀጥቀጡስ? እዚህ ላይ ነው ቁጥሩን በወረቀት ማውጣት ያስፈለገው። ጭነቱን እንደ ንጹሕ ሬዚስተር ወስደን፣ ድራይቨሩ ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ በሁለቱ ታፖች እናነጻጽር። በ2000 ኸርዝ ታፕ 3 እንደተጠበቀው 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ400 ኸርዝ የቀነሰው 1.1 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ270 ኸርዝ ልዩነታቸው ዜሮ ይሆናል። በ200 ኸርዝ ታፕ 3 ከታፕ 4 በ0.9 ዴሲቤል ይበልጣል፤ በ100 ኸርዝ ደግሞ በ2.2 ዴሲቤል። በላይኛው ክልል የተቀነሰለት ድራይቨር በታችኛው ክልል ተጨምሮበታል።

የተጨመረበት ቦታ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ሆርን ከመቁረጫ ነጥቡ በታች ዲያፍራሙን በአየር መደገፉን ይተዋል። ከዚያ በላይ እንኳ ለተመሳሳይ የድምፅ መጠን አንድ ኦክታቭ በወረድን ቁጥር ዲያፍራሙ እጥፍ መወዛወዝ አለበት፤ ድጋፉ ሲጠፋ ከዚያም ይብሳል። የኬ-55 የፌኖሊክ ዲያፍራም የተሠራው ለጥቂት እንቅስቃሴ ነው። የተሰማው መንቀጥቀጥ የድካም ምልክት አልነበረም፤ የማይችለውን ሥራ የተሰጠው ጤነኛ ዲያፍራም ነው።

ከዚያ ወዲህ 13 ማይክሮፋራድ የሚለውን ቁጥር ብቻውን ማንበብ አልችልም። 13 ትርጉም የሚኖረው ከ32 ኦም ጋር ነው። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ክሊፕሾርንን ሲያወጣ የጀመረው ቤተሰብ በሙሉ ሆርኑ፣ ድራይቨሩ፣ ካፓሲተሩና ኮይሉ እርስ በርስ ተመካክተው የቆሙበት ነው። አንዱን ስንነካ ማን ተመክቶበት እንደነበር መጠየቅ አለብን።

## ታፑን ዝቅ ለማድረግ የሚያስፈልገው

ሆርኑ በእርግጥ የሚጮኽበት ክፍል አለ፤ ጠንካራ ግድግዳ ያለበት፣ አዳማጩ ከቅርብ የሚቀመጥበት። ታፑን መቀነስ ትክክለኛ ፍላጎት ነው። መንገዱ ሦስት ነው፤ ሦስቱ እኩል ናቸው አልልም።

የመጀመሪያውና እኔ የማስቀድመው፣ ካፓሲተሩን ከታፑ ጋር አብሮ መቀየር ነው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ካፓሲተሩ ግማሽ ይሁን። ለታፕ 3 6.5 ማይክሮፋራድ ይፈለጋል፤ በገበያ ያለው 6.8 366 ኸርዝ ይሰጣል፣ ይበቃል። ለታፕ 2 3.3 ማይክሮፋራድ 377 ኸርዝ ይሰጣል። ሥራው አንድ ካፓሲተር ፈትቶ አንድ ማሰር ነው፣ የተቀረው የኔትወርኩ ጠባይ እንዳለ ይቆያል። ጉዳቱ፣ ለመሞከር ታፕ ባዞርን ቁጥር ሶልደር ማድረግ ይኖርብናል። ስለዚህ መጀመሪያ በአዞ አፍ መቆንጠጫ ሽቦ ሁለቱንም አብሮ እየቀየሩ ጥቂት ቀን ማዳመጥ፣ ከዚያ ማሰር። ቆንጥጦ ሲቀይሩ አምፕሊፋየሩ ይጥፋ፤ የታፖቹ ጫፎች ቢነካኩ የትራንስፎርመሩ ጥምጥም በከፊል ሾርት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ከአውቶትራንስፎርመሩ መግቢያ ጋር 10 ኦም ሬዚስተር በፓራሌል ማሰር ነው። አሁን ካፓሲተሩ የሚያየው በአብዛኛው ሬዚስተሩን ስለሚሆን ታፑ ቢዞርም ነጥቡ ብዙ አይንቀሳቀስም። 10 ከ32 ጋር 7.6 ኦም፣ ከ64 ጋር 8.65፣ ከ128 ጋር 9.3 ይሆናል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ካፓሲተር 47 ማይክሮፋራድ ነው፤ በሦስቱ ታፖች 444፣ 391 እና 365 ኸርዝ ይሰጣል። 13ቱን እንዳለ ትቶ ሬዚስተሩን ብቻ የጨመረ ሰው ግን ነጥቡን ከ1300 ኸርዝ በላይ ያሻግረዋል፣ መሐሉም ባዶ ይሆናል።

የሬዚስተሩ ዋጋ የሚከፈለው በሙቀትና በአምፕሊፋየር ነው። መግቢያው ላይ 9 ቮልት ገደማ ሲደርስ ሬዚስተሩ ብቻውን 8 ዋት ይበላል። ስለዚህ ባለ 25 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከእንጨቱም ከካፓሲተሮቹም ራቅ ብሎ ብረት ላይ የተቦለነ ይሁን። 32 ኦም የነበረው የመሐል ክልል ወደ 8 ኦም መውረዱ ለትራንዚስተር አምፕሊፋየር ምንም አይደለም። ለቱቦ አምፕሊፋየር እንዲያውም የሚበጅ ነገር አለው። የውፅዓት ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ አምፕሊፋየር የድምፅ ሚዛኑ ከስፒከሩ ኢምፒዳንስ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። የድራይቨሩ ሬዞናንስ ጉብታም በትራንስፎርመሩ ተባዝቶ ይደርሰዋል፤ 30 ኦም የነበረው ጫፍ በታፕ 3 ላይ 120 ይሆናል። ሬዚስተሩ ያንን ጉብታ ይደፍቀዋል። አነስተኛ የቱቦ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ሦስተኛው፣ አውቶትራንስፎርመሩን አውጥቶ በኤል-ፓድ (በሁለት ሬዚስተር በሚሠራ መቀነሻ) መተካት ነው። ስሌቱ አያስቸግርም፤ ለ16 ኦምና የታፕ 3 አቻ ለሆነው 6 ዴሲቤል 8 ኦም በተከታታይ፣ 16 ኦም በፓራሌል፣ ካፓሲተሩም 25 ማይክሮፋራድ። ይሠራል። ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጤነኛ ትራንስፎርመር አውጥቶ ኃይል የሚበላ ሬዚስተር ማስገባት የሚያዋጣው ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ብቻ ነው። የሚዞር እጀታ ያለው አሮጌ የሽቦ ኤል-ፓድ ከሆነ ደግሞ መንሸራተቻው ኦክሳይድ ሠርቶ ድምፅ የሚቆርጥበት ቦታ አያጣም።

## ካፓሲተር፣ በእርጋታ

አቅሙን ብቻ የሚለካ መሣሪያ የአሮጌ ካፓሲተርን ጤና አይነግረንም። ከአቅሙ ጋር ተከታታይ ሬዚስታንሱን፣ ኢኤስአር የሚባለውን፣ መለካት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ኤልሲአር ሜትር ይጠቅማል። ሲለካ የካፓሲተሩ አንድ እግር ከሰርኪዩቱ ይፈታ፤ አለበለዚያ የምንለካው ከጎኑ ያሉትን ኮይሎች ጭምር ነው።

ከትዊተሩ ጋር በተከታታይ የቆመ ካፓሲተር ኢኤስአሩ 1 ኦም ሲደርስ፣ 8 ኦም ላይ 1 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል፤ 2 ኦም ሲደርስ ወደ 2 ዴሲቤል ይጠጋል። ይህ ቁጥር የሚታወቅ አንድ ቅሬታ ይፈታል። ሰው አሮጌውን የዘይት ካፓሲተር አውጥቶ አዲስ ፖሊፕሮፒሊን ያስገባና «አዲሱ ድምፁ ሻካራ ነው» ይላል፤ ወር ሙሉ እስኪለዝብም ይጠብቃል። አዲሱ ኢኤስአሩ ከዜሮ ብዙም ስለማይርቅ የላይኛውን ክልል 1 ወይም 2 ዴሲቤል ከፍ አድርጎታል፣ በጊዜ ብዛትም አይወርድም። ምናልባት መጀመሪያ የታሰበው ሚዛን ይህ ነበር፤ ከበዛበት ግን ከ0.5 እስከ 1 ኦም የሆነ ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት ወዲያው ያስተካክለዋል። ውድ ካፓሲተር መግዛት መፍትሔ አይሆንም። 100 ዋት በ8 ኦም ላይ የሚሰጠው ጫፍ 40 ቮልት ነው፤ ባለ 250 ቮልት ተራ ፖሊፕሮፒሊን ተርፎ ይበቃል። 13 ካልተገኘ 10 እና 3 በፓራሌል ይታሰሩ። አዲሱም ቢሆን ከመታሰሩ በፊት ይለካ፣ ግራና ቀኙም ይመሳሰሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ 10 ከመቶ የሚፈቅድ ካፓሲተር በአንዱ ስፒከር 10 ከመቶ በላይ፣ በሌላው 10 ከመቶ በታች ቢወድቅ የዘፋኙ ቦታ ከመሐል ይንሸራተታል።

የብረት ጣሳ መስለው በዘይት የተሞሉ አሮጌ ካፓሲተሮችን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ። በአሜሪካ ፒሲቢ የሚባለው መርዘኛ ዘይት እስከታገደበት እ.ኤ.አ. እስከ 1979 ድረስ በእንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች ውስጥ ይገባ ነበር። ጣሳው ካበጠ ወይም ከሥሩ ካረጠበ በጓንት ይነሳ፣ በሚታሸግ ነገር ውስጥ ይቀመጥ፣ ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር ይወገድ። አይበሳ፣ አይቆረጥ፣ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣል።

በኤኤ ላይ ከትዊተሩ ጋር በፓራሌል ጀርባ ለጀርባ የተሰካ ጥንድ ዜነር ዳዮድ አለ። ቮልቴጁ ከመጠን ሲያልፍ ይከፈትና ትዊተሩን ኬ-77ን ያድነዋል፤ በተከፈተ ቁጥር ግን የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል። ብዙዎች ድምፁን ለማጥራት ያወጡታል። በእርጋታ በሚደመጥበት ቤት አደጋው ትንሽ ነው። ጭፈራ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ይተው፤ ጥቂት ዋት ብቻ የሚችል ትዊተር ነው ያለው።

## ከሶልደር በፊት ያሉ ነገሮች

ስለ ኮይል አጭር ነው። በብረት እምብርት የተጠመጠመውን የዉፈር ኮይል «አየር ይሻላል» ብሎ በቀጭን ሽቦ በተጠመጠመ የአየር ኮይል መተካት ኪሳራ ነው፤ ግማሽ ኦም መጨመር ቀላል ነው፣ የባሱንም ጉልበት ይበላል። የአየር ኮይል ከተፈለገ ሽቦው ወፍራም ይሁን፣ ሬዚስታንሱ ከአሮጌው አይብለጥ። ሁለት ኮይሎች ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ በ90 ዲግሪ ይዙር።

ባሱ ሳሳ የሚል ሰው ዉፈር ከመቀየሩ በፊት የጀርባውን ክፍል መክደኛ ይፈትሽ። በላ ስካላም በክሊፕሾርንም ዉፈሩ የታሸገ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ የመክደኛው ጓርኒሲዮን ደርቆ አየር ካስተላለፈ ባሱ ይሳሳል። ለስላሳ የስፖንጅ ጓርኒሲዮን በዙሪያው መለጠፍና ብሎኖቹን በተራ ማጥበቅ ነው። ክሊፕሾርን ደግሞ የክፍሉ ጥግ የሆርኑ የመጨረሻ አካል ስለሆነ፣ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ክፍተት ካለው የተቀየረ ዉፈር አያድነውም።

የመሐለኛው ሆርን ኬ-400 ብረት ነው፤ በጣት አንጓ ሲመታ ያቃጭላል። የመኪና በር ውስጥ የሚለጠፈው የሬንጅ ወይም የቡታይል ንጣፍ ከውጭ በኩል ሲለብስ ዝም ይላል። ውስጡ አይነካ፤ ቅርጹ ነው ሥራውን የሚሠራው። ድራይቨሩ ከሆርኑ ጋር የሚገጥምበት ቦታም ይታይ። ጓርኒሲዮኑ ወደ ቀዳዳው ከገባ ወይም ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ፣ እዚያ ጉሮሮ ላይ ያለች የሚሊሜትር ደረጃ የላይኛውን ክልል ታበላሻለች።

## ዲያፍራምና ድራይቨር

የአልቴክ ቮይስ ኦፍ ዘ ቲያትር የሚባሉ የሲኒማ ስፒከሮች ያላቸው ሰዎች ያንኑ ወጥመድ በሌላ በር ያገኙታል። የአልቴክ 802 ድራይቨር ባለ 16 እና ባለ 8 ኦም ዲያፍራም አለው፤ ሁለቱም በአንድ ማግኔት ላይ ይገጥማሉ። 16 ሲቃጠል ገበያ ላይ የተገኘው 8 ይገባል። ድምፅ ይሰጣል፣ ሥራው ያለቀም ይመስላል።

ባለ 811 ሆርን በ800 ኸርዝ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ ነው የሚቆረጠው እንበል። ለ16 ኦም የተሰላ የባተርወርዝ ማጣሪያ 8.8 ማይክሮፋራድና 4.5 ሚሊሄንሪ ይፈልጋል። ጭነቱ 8 ኦም ሲሆን የሁለቱ ሬዞናንስ 800 ላይ ይቆያል፤ ኪው የሚባለው፣ ማጣሪያው በመቁረጫው ላይ ያለው ስለት መለኪያ፣ ግን ከ0.707 ወደ 0.354 ይወርዳል። በ800 ኸርዝ ላይ 3 ዴሲቤል መቀነስ የነበረበት 9 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ800 በላይ ያለው ክልልም ረጋ ብሎ እየሳሳ ነው ወደ ታች የሚወርደው፤ የሰው ድምፅ ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለቤቱ የዲያፍራሙን ጥራት ይጠራጠራል፣ ዲያፍራሙ ግን ምንም አልሆነም። ወይ የኦሙ አቻ ይፈለግ፣ ወይ ማጣሪያው ወደ 17.6 ማይክሮፋራድና 2.25 ሚሊሄንሪ ይቀየር።

ዲያፍራም መቀየር እጅ የረጋ ሥራ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጠረጴዛው ከብረት ብናኝ የጸዳ ይሁን፤ ማግኔቱ ከሩቅ ይስባል፣ አንዲት ብናኝ ክፍተቱ ውስጥ ከገባች ድምፁን ታንኮሻኩሻለች። የጀርባው ክዳን ይከፈታል፣ የዲያፍራሙ ብሎኖች በማግኔት በማይሳብ ካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ተራ ካቻቢቴ በማግኔቱ ተስቦ ጉልላቱን ሊበሳው ይችላል። አሮጌው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ማጣበቂያው ወደ ውጭ እንዲሆን የታጠፈ የወረቀት ፕላስተር ክፍተቱ ውስጥ ተከትቶ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ምንም ይዞ እስከማይወጣ ድረስ ይደጋገማል። አዲሱ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ብሎኖቹ በግማሽ ይጠብቃሉ።

ከዚያ በተከታታይ ካፓሲተር በኩል 1 ቮልት ገደማ እየሰጡ ከ500 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ማስኬድ። ኮይሉ ግድግዳውን ከነካ በአንድ ቦታ ላይ እንደ ዝንብ የሚጮኽ ነገር ይሰማል። ብሎኖቹ ላላ ተደርገው ዲያፍራሙ በጣት ጫፍ በጣም በትንሹ ይገፋል፣ እንደገና ይሞከራል። ንጹሕ ሲሆን ብሎኖቹ በተቃራኒ ተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠብቃሉ፤ ከጠበቁ በኋላም አንድ ጊዜ ይሞከር፣ ሲጠብቁ የሚንሸራተት አለና። ከዚህ አልፎ ማግኔቱን ራሱን መፍታት ግን አይሞከርም። አልኒኮ የሚባለው ማግኔት ከብረት አካሉ ከተለየ ኃይሉን ያጣል፣ ተመልሶ ቢገጠምም ያለ ማግኔታይዘር አይመለስለትም። የደከመ ማግኔት ያለው ድራይቨር ዲያፍራሙ አዲስ ሆኖ ሳለ ከጓደኛው ዝቅ ብሎ ይጫወታል።

ኬ-55ን አውጥቶ ትልቅ ዘመናዊ ድራይቨር ማስገባትን በተመለከተ ጉጉቱ ይገባኛል፣ ግን አላበረታታም። ኬ-55 የሚገባው 1 ኢንች ከ3/8 በሆነ ጥርስ ነው፤ የኬ-400 ጉሮሮ ከ1 ኢንች ያነሰ ነው። ባለ 1 ወይም ባለ 2 ኢንች ድራይቨር በአስማሚ ሲገጠም ድምፁ መጀመሪያ ይጠብባል፣ ከዚያ ይሰፋል፤ አዲሱ ድራይቨር ያመጣውን ትርፍ አስማሚው ይበላዋል። ድራይቨር ከተቀየረ ሆርኑም ይቀየር፣ ሆርኑ ከተቀየረ ኔትወርኩ ከመጀመሪያው ይሰላ። ትዊተር መቀየር ከዚህ ይቀላል። አዲሱ ከኬ-77 በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ከሆነ ለ8 ኦም 2.3 ኦም በተከታታይና 19 ኦም በፓራሌል የሆነ ኤል-ፓድ ከማጣሪያው በኋላ ይግባ፤ ከማጣሪያው አንጻር ጭነቱ 8 ኦም ሆኖ ስለሚቆይ ነጥቡ አይንቀሳቀስም። ሲገጠም ከሰሌዳው ፊት ጋር እኩል ይሁን፤ ከኋላ ሲገጠም የኮምፔንሳቶው ውፍረት በአፉ ዙሪያ ጠርዝ ሠርቶ ድምፁን ይመልሳል።

## ፕላስና ማይነስ

ሽቦዎቹ ሁሉ ከታሰሩ በኋላ የሚቀረው ፖላሪቲ ነው፤ ቀለምን አምኖ ማለፍ አይቻልም። የድሮ ጄቢኤል ድራይቨሮች ቀይ ተርሚናላቸው ላይ ፕላስ ሲሰጥ ዲያፍራማቸው ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ሌሎቹ አምራቾች በአብዛኛው ተቃራኒው ናቸው። ዉፈር ላይ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ አስነክቶ ኮኑ ወዴት እንደሄደ ማየት ይቻላል። ሆርን ላይ የሚገጠመው ኮምፕሬሽን ድራይቨር ላይ ግን ባትሪ አይነካ፤ እንቅስቃሴው አይታይም፣ ትርፉ ዲያፍራሙን መምታት ነው።

ተርሚናሎቹ በትክክል ቢነበቡም ጉዳዩ አያልቅም። በ400 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 86 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የባሱ መንገድ ከመሐለኛው በ43 ሴንቲሜትር ከረዘመ ቀይ በቀይ የታሰሩ ሁለት ድራይቨሮች እዚያ ነጥብ ላይ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ በወረቀት ላይ አይወሰንም። ማይክሮፎን ከስፒከሩ 2 ሜትር ገደማ ርቆ በሚዳመጥበት ከፍታ ይቁም፣ ከ100 እስከ 2000 ኸርዝ ይለካ። ማይክሮፎኑ ሳይነቃነቅ የመሐለኛው ድራይቨር ሁለት ሽቦዎች ይገለበጡና እንደገና ይለካ። ከሁለቱ መስመሮች በአንዱ ላይ ክሮስኦቨሩ አካባቢ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ይታያል። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ሁለቱ ድራይቨሮች በመጠንም በጊዜም ተቀራርበዋል ማለት ነው፤ በዚያኛው አሳሰር ደግሞ ያንኑ ያህል ይደጋገፋሉ። በሁለቱም ልክ እኩል የሆነ ለስላሳ ስርጉድ ከታየ ግን ልዩነታቸው ሩብ ሞገድ አካባቢ ነው። ያኔ ሽቦ መገልበጥ አይፈታውም፤ ሆርኑን ከላይ ወደፊት ወይም ወደኋላ በ10 እና በ20 ሴንቲሜትር እያንቀሳቀሱ ጉድጓዱ በአንዱ አሳሰር እስኪጠልቅ መለካት፣ ከዚያ ያንን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጎ በተቃራኒው ፖላሪቲ ማሰር ነው።